ሚሊዮን ብር ለአንድ ሌንስ

ባለስቱዲዮው፦ ትልቅ ሌንስ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ክርክር ከሒሳቡ እንጀምረው። ለስፖርትና ለዱር እንስሳት ተብለው የሚሠሩት ትልልቅ ቴሌፎቶዎች ዋጋቸው ይታወቃል። የካኖንም ሆነ የሶኒ 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ውጭ አገር ሱቅ ላይ 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የኒኮኑ፣ ማባዣው ከውስጡ የተገጠመለት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 14 ሺህ ገደማ ተጠርቶበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋው ለገበያው ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 12 ሺህ ዶላር ማለት 684 ሺህ ብር ነው። በግማሽ ዓመት ውስጥ ዶላሩ 120 ብርን አለፈና ያው ሌንስ፣ አንዲት ብሎን ሳትጨመርበት፣ 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ብር ገባ። ቀረጡን፣ ሱር ታክሱንና 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልነካሁም። ወልድያ ላይ የፎቶ ሥራ የሚኖረው በሠርግ፣ በምርቃትና በጉርድ ፎቶ ነው። አንድ ሠርግ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 20 ሺህ ብር ይተርፋል እንበል፤ 72 ሠርግ ለሌንሱ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። የጥሩን ከፋሲካ ማግሥቱ፣ የክርስቲያኑን ከሙስሊሙ ደምረህ 72 ሠርግ ቁጠርልኝ። ቆጥረህ ብትጨርስ እንኳ ሙሽራይቱ የቆመችው ሦስት ሜትር ላይ ነው፤ በ400 ሚሊ ሜትር ፊቷን እንጂ ቬሎዋን አታገኝም።

ወጣቱ፦ ለሠርግ ይገዛ ያለ የለም፣ ጋሼ። እኔ የምለው፣ ዋጋው ብዙ ሰው እንደሚጠረጥረው የስም ዋጋ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው የመስታወት ዋጋ ነው። 400ን ለ2.8 ቢያካፍሉት 143 ይወጣል። ያ ቁጥር ሌንሱ ብርሃን የሚቀበልበት በር ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 600ን ለ4 ሲያካፍሉ ደግሞ 150 ነው፤ ማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ የፊቱ መስታወት ከዚያ ሊያንስ አይችልም። አሁን ርቀታቸው እኩል የሆነ ሦስት ሌንሶችን ጎን ለጎን እናቁም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 11 ሲወጣ ዋጋው 700 ዶላር፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች፣ በሩ 55 ሚሊ ሜትር ነው። ከ200 እስከ 600 የሚሄደው የሶኒ ዙም 600 ላይ ሲደርስ ኤፍ 6.3 ይሆናል፤ በሩ 95 ሚሊ ሜትር፣ ዋጋው 2 ሺህ ዶላር፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም። የ600 ኤፍ 4ቱ በሩ 150 ሚሊ ሜትር፣ ዋጋው 13 ሺህ፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሩ የሰፋው 2.7 ጊዜ ያህል ነው። መስታወት ግን ወደ ጎን ሲሰፋ ወደ ላይም ይረዝማል፣ ውፍረቱም አብሮ ይጨምራል፤ ስለዚህ 2.7ን በ2.7፣ ውጤቱን እንደገና በ2.7 ማባዛት ነው፤ 20 ገደማ ይመጣል። ዋጋው የጨመረው 18 ጊዜ ተኩል ነው። ዘረፉን ከማለት በፊት ይህችን ሒሳብ ማየት ደግ ነው።

ባለስቱዲዮው፦ መስታወት በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ የመኪናዬ የፊት መስታወት ከዚህ ይሰፋል፤ ማንም ሚሊዮን ብር አልጠየቀኝም።

ወጣቱ፦ የመኪናው መስታወት ቀለሞቹን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስብ አልተባለም። ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በአንድ መስታወት ሲያልፉ የሚታጠፉበት መጠን ይለያያል፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ገዝፎ ይታያል። ውጤቱን ፎቶ አንሺ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጭ ነጠላ ከጥቁር ካባ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የወይን ጠጅና የአረንጓዴ ክር ይወጣል። ይህን አጥርቶ የሚያርመው ፍሎራይት የሚባል ክሪስታል ነው። ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣው ፍሎራይት ለማይክሮስኮፕ ቢበቃም ለትልቅ ሌንስ የሚሆን ስፋትና ጥራት ያለው አይገኝም፤ ስለዚህ ካኖን በምድጃ አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ በቀረበ የካሜራ ሌንስ ውስጥ አስገባው። ክሪስታሉ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ሲቆርጡትና ሲሞርዱት በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል። የካኖን ትልልቅ ሌንሶች ነጭ የሚቀቡትም ፀሐይ እንዳታግላቸው ነው፤ ለጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የካኖን 1200 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢወስዱ 16 ኪሎ ተኩል የሚመዝን፣ በትእዛዝ ብቻ የሚሠራ ሌንስ ነበር፤ የተሠሩት ጥቂት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አንዱ በጨረታ 500 ሺህ ዩሮ አውጥቷል። ገዢው ጥቂት በሆነ ቁጥር የምርምሩና የማሽኑ ወጪ ለእነዚያው ጥቂቶች ይከፋፈላል። ከመስታወቱ መጠን በላይ ያለው ዋጋ ከዚህ ይመጣል።

ባለስቱዲዮው፦ እሺ፣ ሻጩ ሌባ አይደለም ብለን እንለፍ። ሻጩ ሌባ አለመሆኑ ግን ዕቃው ያስፈልገኛል ማለት አይደለም። ጎን ለጎን ያቆምካቸው ሌንሶች ሦስቱም 600 ናቸው። 100 ሜትር ላይ ያለ ነገር በሦስቱም ስድስት ሜትር በአራት ሜትር በሆነ ክፈፍ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ሜትር ከሰባ የሚረዝም ሰው በሦስቱም እኩል ይገዝፋል። እንግዲያ ርቀቱን በ2 ሺህ ዶላር ገዝቼዋለሁ፤ የቀረው 11 ሺህ የሚሄደው ለብርሃን ነው። ብርሃን ደግሞ ዛሬ ከሌላ ቦታም ይገኛል። በፊልም ዘመን 400 አይ.ኤስ.ኦ.ን አልፈህ ወደ 1600 ከገፋህ ቅንጣቱ ወረቀቱ ላይ በዓይን ይቆጠር ነበር፤ ያን ጊዜ ሰፊ በር ያለው ሌንስ ሥራውን መሥራትና አለመሥራትን ይለይ ነበር። የዛሬ ካሜራ 6400 ላይ ንጹሕ ፎቶ ይሰጥሃል፤ የተረፈውን ኖይዝ ኮምፒውተሩ ያጥባል። ሌንሱ የተሠራለት ችግር ግማሹ ተፈትቷል፤ ዋጋው ግን ወደ ታች ዝቅ ሲል አላየንም።

ወጣቱ፦ ወደ ስታዲየሙ እንሂድ። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ነው፤ ወልድያ በፕሪሚየር ሊጉ ሳለች የአገሪቱ ትልልቅ ክለቦች መጥተው ተጫውተውበታል። የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር ይረዝማል። ፎቶ አንሺው የሚቀመጠው ከግብ መስመሩ ጀርባ፣ ወደ ማዕዘኑ ጠጋ ብሎ ነው። ቅርቡን የፍጹም ቅጣት ምት ክልል በ70-200 ዙም ይሸፍነዋል። መሐል ሜዳው ግን 50 ሜትር ይርቃል፤ እዚያ 400 ሚሊ ሜትር አራት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር ያሳያል፤ ኳስ የሚሻሙ ሁለት ሰዎች ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር ይገቡበታል። አሁን ሰዓቱን ያስቡት። ጨዋታው 10 ሰዓት ላይ ቢጀመር ሁለተኛው አጋማሽ የሚጀምረው 11 ሰዓት ነው። ወልድያን በምዕራብ በኩል ተራራ ስለሚጋርዳት ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሜዳው ጥላ ይለብሳል፤ በእኛ አገር ደግሞ ምሽት እንደ አውሮፓ አይጎተትም። የሚሮጥ ተጫዋች እንዳይደበዝዝ ሸተሩ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ መውረድ የለበትም። ያን ሰዓት ኤፍ 2.8 በ3200 አይ.ኤስ.ኦ. ከሠራ፣ ኤፍ 6.3 የሚቀበለው ብርሃን አንድ አምስተኛውን ስለሆነ 16 ሺህ ይጠይቃል። 6400 ንጹሕ ነው ባሉት አልከራከርዎትም። 16 ሺህ ላይ ግን በጥላ ውስጥ ያለ ጠይም ፊት ዝርዝሩን ያጣል፤ ኮምፒውተሩ ኖይዙን ሲያጥብ የግንባሩን መስመርና ላቡን አብሮ ያጥበዋል። በነጮቹ ሜዳ ላይ ተሞክሮ «ይበቃል» የተባለ ካሜራ ለእኛ ልጆች ፊት ሁልጊዜ አይበቃም።

ባለስቱዲዮው፦ ያ ፎቶ የት ነው የሚታየው? ቴሌግራም ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ስክሪን። እዚያ 3200ውንና 16 ሺሁን ማን ይለያቸዋል? ወረቀት ላይ አትመህ ግድግዳ ላይ ስትሰቅለው የሚታይ ልዩነት፣ ወረቀትም ግድግዳም ለማይነካ ፎቶ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ደግሞ ሰፊ በር የራሱ ዕዳ አለበት። 30 ሜትር ላይ በ400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከአንድ ሜትር ያንሳል፤ በኤፍ 6.3 ከሁለት ሜትር ያልፋል። በረኛው ተወርውሮ ጓንቱ ጥርት ብሎ ፊቱ ደብዝዞ ከወጣ ሌንሱን መልሼ አልሸጠውም። ሙቀቱን ጨምርበት። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ፣ ከወዲያ ደግሞ በቆቦ ሜዳ፣ ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ 200 ሜትር ላይ ያለች ግመል ጠርዟ ይሟሟል። ያን የሚያስተካክል ፍሎራይት አልተፈጠረም። በ13 ሺህም ግዛው በ700፣ ሁለቱም እኩል ያፍራሉ። ካፈሩ አይቀር ኪስ ውስጥ ያለው ስልክም መቶ እጥፍ አቀርባለሁ ይልሃል።

ወጣቱ፦ ስልኩን ይተዉት። በሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት፤ በእሷ ያልገባውን ብርሃን የሚተካው ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ሳምሰንግ ስልክ የጨረቃ ፎቶ የተነሣውን ክርክር ያስታውሳሉ፤ ሆን ተብሎ የደበዘዘ የጨረቃ ምስል ከስክሪን ላይ ሲያነሡት፣ ስልኩ በምስሉ ያልነበረ ዝርዝር ጨመረበት። ለጨረቃ ይሁን፣ እሷ ሁልጊዜ አንድ ፊት ነው የምታሳየን። የሰው ፊት ግን በግምት አይሞላም። ስለ ሙቀቱ እውነትዎን ነው፤ መድኃኒቱ በማለዳ መነሣት ብቻ ነው። ዕዳ ያሉት ጥልቀት ግን ሥራው ራሱ ነው። ከተጫዋቹ ጀርባ ምን አለ? የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ተቀያሪ ወንበር፣ ፖሊስ፣ ላስቲክ የያዘ ውኃ ሻጭ፣ ባዶ ወንበር። በኤፍ 6.3 ሁሉም ከተጫዋቹ ጋር ይነበባሉ፤ ስልክ ስክሪን ላይም ሳይቀር የሚታየው ልዩነት ይኸው ነው። ኤፍ 2.8ን ወደ 5.6 ማጥበብ ይቻላል፤ በረኛው ሲወረወር ያን ያድርጉ። 6.3ን ወደ 2.8 ማስፋት ግን በምንም ብልሃት አይቻልም። ፎከሱም ያው ነው፤ ሲመሽ ብዙ ብርሃን የሚያገኘው ካሜራ ዒላማውን ቶሎ ይይዛል፤ ጠባቡ ወዲያና ወዲህ ሲፈልግ ግቡ ይገባል።

ስታዲየም ከሰለቸዎት ላስታ እንሂድ፣ እሱም የዞናችን ነው። በገና በላሊበላ ቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ሲደርስ ካህናቱ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ ሌሎቹ ከታች ከግቢው ሆነው ይቀባበሏቸዋል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰው ምሳሌ ናቸው። ፎቶ አንሺው አንዱ አፋፍ ላይ ከቆመ በእሱና ከፊት ለፊት ባለው ካህን ፊት መካከል ያለው ገደል ነው፤ ግራና ቀኙ ሌሊቱን ሲያነጋ ያደረ ምእመን ነው፣ እግር ማንቀሳቀሻ የለም። ነጩ ልብስ፣ ቀላ ያለው ዓለት፣ ገና ያልጠለለው የማለዳ ብርሃን። እርስዎ ብርሃን ከሌላ ቦታ ይገኛል ብለዋል፤ እዚህ ፍላሽ ያበራሉ?

ባለስቱዲዮው፦ ፍላሽ አላበራም፤ ድሮም አላበራሁም። ግን አሁን ሳላስበው ወደምፈራው ነገር አመጣኸኝ። ገደል ያለበት ቦታ ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ በእግር የሚደረስ ነው። መርሳ ላይ አስፋልቱን ይዘው ፓፓያና ማንጎ የሚሸጡትን ሴቶች ውሰድ። በ35 ሚሊ ሜትር ለማንሣት ሁለት ሜትር መቅረብ አለብህ፤ ስለዚህ ሰላም ትላታለህ፣ ዋጋ ትጠይቃለህ፣ «ላንሣሽ?» ትላለህ፤ እሷም ሻሿን ታስተካክላለች ወይም «ተወኝ ወዲያ» ትልሃለች። ሁለቱም መልስ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ በ400 ሚሊ ሜትር ብታነሣት መልስ የምትሰጥበት ዕድል የላትም፤ መነሣቷንም አታውቅም። ትልቁ ሌንስ ይህን ማሰብ ያስረሳል። ሌላም አለ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ ያለችበት ሐብሩ ጦርነት ያለፈባቸው ናቸው፤ ከዚያም ወዲህ ሰላሙ አልረጋም። ግማሽ ሜትር የሚደርስ ቱቦ ትከሻ ላይ አድርጎ ከኮረብታ ወደ መንገድ የሚያነጣጥርን ሰው ያየ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ታጣቂ ይሁን፣ መጀመሪያ የሚያስበው ካሜራ አይደለም። በዚህ አገር ሠፈር ቀርቦ በትንሽ ሌንስ የሚሠራ ሰው ከሩቁ ሰው ይልቅ ደኅና ያድራል።

ወጣቱ፦ በጸጥታው ነገር ክርክር የለኝም፤ ያልተፈቀደ ቦታ ላይ ማንም አያንሣ። ስለ መርሳዋ ሴትዮም ተስማምቻለሁ፤ ገበያ በእግር ነው የሚነሣው። ግን መቅረብ ሁሉ አክብሮት አይደለም፣ ጋሼ። በጥምቀት ታቦቱ ሲያልፍ፣ በገና ማኅሌት ላይ፣ ሰፊ ሌንስ ይዞ የዲያቆኑ አፍንጫ ሥር የሚገባውን፣ ጀርባውን ለምእመኑ ሰጥቶ መንገድ የሚዘጋውን ስንት አይተናል? ጸሎት ላይ ላለ ሰው ርቀት ራሱ አክብሮት ነው። ፈቃድ ደግሞ ከማይጠየቅም ፍጥረት ጋር ሥራ አለ። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የቀረውም 500 ገደማ ነው። የሚኖረው አይጥ አድኖ ነው፤ አይጧ የሰው ኮቴ ከሰማች ጉድጓዷ ትገባለች። ፎቶ አንሺው በእግሩ በቀረበ ቁጥር ቀበሮው ምሳውን ያጣል። ርቀት ማለት እዚህ ላይ እንስሳውን አለመጉዳት ነው።

ባለስቱዲዮው፦ ያን ምሳሌ ባታመጣው ይሻልህ ነበር። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው። 4,200 ሜትር ላይ፣ ዛፍ በሌለበት አምባ፣ በጠራራ ፀሐይ የብርሃን ችግር የለም፤ ኤፍ 6.3 በ800 አይ.ኤስ.ኦ. ይበቃዋል። እዚያ ያለው ችግር ሳንባ ነው። ሦስት ኪሎ ሌንስ፣ ካሜራውን፣ ትራይፖዱን ተሸክሞ ያን ተራራ የሚወጣ ሰው ቀበሮው ጋ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፋብሪካዎቹም ይህን አውቀውታል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው 500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ ዋጋው 3,600 ዶላር ነበር፤ በእግራቸው የሚሄዱ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች የተሻሙት እሱን ነው። እንግዲህ ቀበሮውን ከዝርዝርህ አውጣው። ምን ቀረህ? ስታዲየሙና የገናው ማለዳ። ወልድያ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዳለች፤ ገና በዓመት አንድ ቀን ነው። ለእነዚህ ነው ሚሊዮን ብሩ።

ወጣቱ፦ ቀበሮውን አውጥቼዋለሁ፤ ልክ ነዎት። የሁለቱን ግን አለቅም። በዓመት አንድ ቀን መሆኑ የቀኑን ዋጋ አይቀንሰውም። ላሊበላ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የቤዛ ኩሉን ፊቶች በጥሩ ሌንስ የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ፎቶው በእሱ አገር መጽሔት ይወጣል፣ መብቱ የእሱ ነው፣ እኛ ልንጠቀምበት ስንፈልግ እንጠይቀዋለን። የላስታን ካህን ፊት የላስታ ልጅ ሊያነሣው የማይችልበት ምክንያት አንድ ዕቃ ከሆነ፣ ዕቃው ውድ ነው ብሎ መተው ያሳዝናል። ደግሞ ጥሩ ሌንስ እንደ ካሜራው በአምስት ዓመት አይጣልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የካኖን 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ዛሬም በአስማሚ ተገጥሞ በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ይሠራል፤ ያገለገለ ሲገኝ ዋጋው ከዙሞቹ አይበልጥም።

ባለስቱዲዮው፦ 1993ን ጠቀስክ፣ እኔ 1987ን ልጥቀስልህ። ካኖን በዚያ ዓመት የሌንስ መግጠሚያውን ለወጠ፤ ጥሪታቸውን በአሮጌው ሌንስ ላይ ያፈሰሱ ሰዎች ሌንሳቸው ከአዲሱ ካሜራ ጋር አልገጥም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018ም እንደገና ለወጡ፤ በዚህኛው ጊዜ አስማሚ ሰጡ፣ ለሚቀጥለው ማንም ቃል አልገባልህም። ዕድሜ ስትል ደግሞ ክረምቱን አስብ፤ መስታወት ውስጥ የሚበቅል ሻጋታ፣ በሐብሩ መንገድ ላይ የሚገባ አቧራ፣ የሚቃጠል የፎከስ ሞተር። ቢበላሽ ወደ አዲስ አበባ፣ ምናልባትም ከአገር ውጭ ነው የሚላከው፣ በዶላር። አሁን ዋናውን ልንገርህ። ኦሎምፒክ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጭ ሌንሶች ተደርድረው የምታያቸው፣ ከያዟቸው ሰዎች ስንቱ የገዛቸው ይመስልሃል? የሮይተርስ፣ የኤኤፍፒ፣ የኤፒ ፎቶ አንሺ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የድርጅቱን ዕቃ ነው። ካኖንና ኒኮን ደግሞ በትልልቅ ውድድር ላይ የአገልግሎት ጣቢያ ከፍተው ለባለሙያ ሌንስ ያውሳሉ። በሀብታሙ አገር እንኳ ይህ ዕቃ የግለሰብ ንብረት መሆን ያልቻለ ነገር ነው። ወልድያ ላይ ያለ አንድ ስቱዲዮ ለምን ብቻውን ይሸከመው?

ወጣቱ፦ እኔም ልደርስበት የፈለግሁት እዚያ ነው። «ያስፈልጋል ወይ?» የሚለውን ጨርሰናል፤ ለጥቂት ቀን፣ ለጥቂት ቦታ ያስፈልጋል። የቀረው የማን ይሁን የሚለው ነው። የክለቡ፣ የዩኒቨርሲቲው፣ የባህልና ቱሪዝም ቢሮው ሊሆን ይችላል።

ባለስቱዲዮው፦ የመሥሪያ ቤት ከሆነማ አለቀለት። በመጀመሪያ ጨረታ ይወጣል፤ ጨረታው ላይ «600 ሚሊ ሜትር ሌንስ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፍና ኤፍ 11ዱን ያመጣልሃል። ኤፍ 4ቱን ቢያመጣልህ ደግሞ በሞዴል 19 ገብቶ ግምጃ ቤት ይቀመጣል። ለቅዳሜ ጨዋታ ስትፈልገው ሞዴል 20 ሞልተህ ትጠይቃለህ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል። ሰብሮ ከሚጠየቅ ቆልፎ የሚያስቀምጥ የንብረት ክፍል አይወቀስም፤ አሠራሩ የሚያስተምረው እሱን ነው። አንዳንዱ ዕቃ ከነካርቶኑ የሚያረጀው ለዚህ ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያ የባለሙያዎቹ ይሁን። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ፣ ከላሊበላ 12 ባለስቱዲዮ ቢሰበሰብ 1 ሚሊዮን 440 ሺሁ ለእያንዳንዱ 120 ሺህ ነው። 120 ሺህ ብር ስድስት ሠርግ ነው፣ በእርስዎው ሒሳብ። በእቁብ የምናወጣው ገንዘብ ነው።

ባለስቱዲዮው፦ እቁብ እንዲሠራ ያደረገው ዕጣው በየተራ መውጣቱ ነው፤ የዛሬው የአንተ፣ የሚቀጥለው የእኔ። የሌንስህ ቀን ግን ተራ አያውቅም። ገና ለሁሉም ገና ነው፤ ጥምቀትም ለሁሉም አንድ ቀን ነው። 12 ሰው አንድ ማለዳ አንድ ሌንስ ይፈልጋል፤ የዚያን ቀን 11ዱ ጠላቶችህ ናቸው።

ወጣቱ፦ ለዚያች ማለዳ አንድ ሰው ይመረጥና አፋፉ ላይ ይቁም፤ ፎቶው የ12ቱም ይሁን፣ ሲሸጥም ገቢው ለ12 ይከፈል። አንዱ ሌንሱን ሲይዝ ሌሎቹ ከታች ከግቢው በሰፊ ሌንስ ይሥሩ፤ እዚያ በእግር ይደረሳል ያሉት እርስዎ ነዎት። ከገና ውጭ ያለው ዓመት ሰፊ ነው፤ የሊግ ጨዋታው፣ የትምህርት ቤቶች ውድድሩ፣ የፈረስ ጉግሡ በአንድ ቀን አይውሉም። ደግሞ ዛሬውኑ ይገዛ አላልኩም። በመጀመሪያው ዓመት ያገለገለ 400 ኤፍ 5.6 ወይም አንድ 150-600 ዙም ገዝቶ፣ ለገና ብቻ ትልቁን ከአዲስ አበባ ተከራይቶ ማየት ይቻላል። በኪራዩ የተነሣው ፎቶ ካልተሸጠ ማኅበሩ ይፍረስ፤ የጠፋው የኪራይ ገንዘብ ብቻ ይሆናል።

ባለስቱዲዮው፦ አከራዩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሄድ ሚሊዮን ብር ዕቃ ምን መያዣ እንደሚጠይቅህ ታውቃለህ? የመኪና ሊብሬ ወይም ደመወዙን የሚያስይዝ ዋስ ነው፤ ያም ቢሆን መንገዱ በሰላም ከዋለ። ቢሆንም ይህኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው ይሻላል። መጀመሪያ ሰዎቹን አምጣ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ሌንሱ ቢወድቅ ወይም ቢወሰድ ማን እንደሚከፍል ይናገር፣ ሁለተኛው ገና ማለዳ ላይ አፋፉ ላይ የሚቆመው በምን እንደሚመረጥ። 11ዱ ፈርመው ገንዘባቸውን ባንክ ካስገቡ የእኔ 120 ሺህ አሥራ ሁለተኛው ይሆናል። ከዚያ በፊት አምስት ሳንቲም አላወጣም።